ሰማያዊው ሪጊ፤ ተራራ፣ ሐይቅና ንጋት በውሃ ቀለም

ከንባብ በፊት

ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ ስለ አንድ ሥዕል ያትታል። ማንበብ ከመጀመራችሁ በፊት የሚከተለውን አስቡ፦ አንድ ሠዓሊ በነጭ ወረቀት ላይ የንጋትን ብርሃን ለማሳየት ቢፈልግ በምን ዓይነት ቀለም የሚጠቀም ይመስላችኋል? መልሳችሁን በደብተራችሁ ላይ ጻፉ፤ ምንባቡን አንብባችሁ ከጨረሳችሁ በኋላም ከጽሑፉ ጋር አመሳክሩት። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምንባብ

በስዊዘርላንድ እምብርት፣ ተራሮች ከየአቅጣጫው የከበቡት አንድ ትልቅ ሐይቅ አለ። በአንዱ ዳርቻው የሉሰርን ከተማ ስለተቆረቆረች የውጭ አገር ሰዎች የሉሰርን ሐይቅ ይሉታል። ውሃው ከባሕር ጠለል በላይ 434 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ ሲሆን፣ ስፋቱ 114 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በከተማይቱ ዳርቻ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው ከውሃው ማዶ ሪጊ የተባለው ተራራ ይታየዋል። የሪጊ ከፍታ 1,800 ሜትር ያህል ነው። ይህም ከሌሎቹ የአልፕስ ተራሮች ጋር ሲነጻጸር ብዙ የሚያስደንቅ አይደለም፤ አዲስ አበባ እንኳ የተመሠረተችበት ምድር ከሪጊ ጫፍ ይልቅ ከፍ ይላል። እንግዲህ ተራራው ዝናን ያተረፈው በከፍታው አይደለም። ከሌሎቹ ተራሮች ተነጥሎ ከውሃው ዳር ብቻውን ስለሚቆም፣ በቀን ውስጥ በሰማይና በውሃ ላይ የሚደርሰውን ለውጥ ሁሉ እንደ መስተዋት ተቀብሎ ያሳያል።

የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ተጓዦች ወደ ሪጊ የሚወጡት ፀሐይ ስትወጣ ለማየት ነበር። ሌሊቱን በተራራው ላይ አድረው፣ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው፣ በብርድ እየተንቀጠቀጡ ምሥራቁን ይጠባበቁ ነበር። የጐብኚው ብዛት እያደር በመጨመሩ በ1871 ከሐይቁ ዳር ካለችው ከቪትስናው መንደር ተነሥቶ ሽቅብ የሚወጣ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ ይህም በአውሮፓ የመጀመሪያው የተራራ ባቡር ሆነ። እዚህ የምናጠናው ሥዕል ግን ባቡሩ ከመሠራቱ ከ29 ዓመት በፊት የተሠራ ነው። ሠዓሊውም እንደ ሌሎቹ ተጓዦች ከጫፍ ላይ ሆኖ የፀሐይን መውጣት አልሣለም፤ ከታች፣ ከሐይቁ ዳር ሆኖ ፀሐይዋን ገና ከጀርባው የደበቀውን ተራራ ሣለ።

ሠዓሊው ጆሴፍ ማሎርድ ዊልያም ተርነር ይባላል። በ1775 በለንደን ከተማ ተወለደ። አባቱ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ የልጁንም ሥዕሎች በሱቁ ውስጥ ለደንበኞቹ ያሳይ እንደነበር ይነገራል። ተርነር ገና በ14 ዓመቱ በንጉሣዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1802 የአካዳሚው ሙሉ አባል ሆኖ ተመረጠ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል የነበረው ጦርነት ለጥቂት ጊዜ ጋብ ብሎ ስለነበር ባሕሩን ተሻግሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የአልፕስን ተራሮች አየ። በስተርጅናውም፣ ከ1841 እስከ 1844 ድረስ፣ በየበጋው ወደ ስዊዘርላንድ ተመላልሷል። በዚህ ጊዜ ዕድሜው ከስድሳ አምስት አልፎ ነበር። ዝናና ገንዘብ ያላነሰው ሽማግሌ በሉሰርን ሐይቅ ዳር ተቀምጦ አንዱን ተራራ ደጋግሞ ሲመለከት ምን ፈልጎ ነበር?

ይህን ለመረዳት ተርነር የኖረበትን ዘመን አስተሳሰብ ማወቅ ያስፈልጋል። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በአሥራ ዘጠነኛው መጀመሪያ ላይ በአውሮፓ የሮማንቲክ እንቅስቃሴ የሚባል የኪነ ጥበብ ፈለግ ተነሥቶ ነበር። የእንቅስቃሴው ተከታዮች ለሰው ልጅ ስሜትና ለተፈጥሮ ኀይል ከፍ ያለ ግምት ይሰጡ ነበር። ከዚያ በፊት ብዙው መንገደኛ ተራራን የሚያየው እንደ እንቅፋት ነበር፤ አስቸጋሪ፣ ብርዳም፣ ሽፍታና ናዳ የሚያሰጋበት ስፍራ ነውና። ሮማንቲኮቹ ግን ይኸው አስፈሪነቱ የሰውን መንፈስ ከፍ ያደርጋል አሉ። የመልክዐ ምድር ሥዕልም የነገሥታትና የጦርነት ሥዕል ጀርባ ማስጌጫ ሆኖ መቅረቱ አብቅቶ ራሱን የቻለ ዋና ጉዳይ ሆነ። ተርነር ከዚህ ትውልድ ሠዓሊዎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ በወጣትነቱ ይሥለው የነበረው ማዕበል፣ ገደልና የበረዶ ናዳ በሪጊ ሥዕሎቹ ውስጥ የለም። በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ የሚሆነው ነገር ሁሉ በብርሃኑ የሚሆን ነው።

ተርነር ሪጊን ከሉሰርን በኩል እያየ በ1842 ሦስት የተፈጸሙ ሥዕሎች ሠርቷል። ዛሬ ጥቁሩ ሪጊ፣ ሰማያዊው ሪጊና ቀዩ ሪጊ ተብለው ይታወቃሉ። ሦስቱም የአንድ ተራራ ሥዕሎች ናቸው፤ የስማቸው ልዩነት የሰዓቱ ልዩነት ነው። ሪጊ ከሉሰርን በስተምሥራቅ ስለሚገኝ ጧት ፀሐይ ከጀርባው ትወጣለች። ስለዚህ ፊቱ ለተመልካቹ ጥላ ይሆናል፤ በተመልካቹና በተራራው መካከል ያለው አየርም ጥላውን ወደ ሰማያዊ ይለውጠዋል። ማታ ደግሞ ፀሐይ በምዕራብ ስትጠልቅ የመጨረሻው ጨረር ፊት ለፊት ያርፍበታልና ይቀላል። ይህን የሚያህል ለውጥ ለማየት ተጓዡ ከቦታው መነቃነቅ እንኳ አያስፈልገውም። ተርነር ብዙ አገር የዞረ ሰው ነበር፤ እዚህ ላይ ግን ሰዓቱ በፊቱ እንዲያልፍ ፈቅዶ ራሱ በአንድ ስፍራ ቆመ።

አሁን ሰማያዊውን ሪጊ ብቻ ለይተን እንመልከት። ሥዕሉ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመትና 45 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነው፤ ይኸውም ተከፍቶ ከተዘረጋ የተማሪ ደብተር ብዙ አይበልጥም። በመካከሉ ተራራው ሰማያዊ ሆኖ ቆሟል። ቋጥኙ፣ ዛፉ፣ ሸንተረሩ አንድ በአንድ ተለይቶ አይታይም፤ ተራራው ራሱ ክብደቱን ጥሎ ከአየር የተሠራ ይመስላል። ከበላዩ ያለው ሰማይ ከታች ወደ ቢጫነት የሚያደላ ሲሆን ወደ ላይ እየደበዘዘ ይሄዳል። በዚያ ሰማይ ላይ አጥቢያ ኮከብ፣ ማለትም ቬነስ፣ ገና አልጠፋችም። ሐይቁ ጸጥ ብሎ የተራራውንና የሰማዩን መልክ መልሶ ያሳያል። ከሥዕሉ ግርጌ ብቻ ጸጥታው ይሰበራል፤ ውሾች ወደ ውሃው ሲዘሉ ዳክዬዎች ደንብረው ይነሣሉ። አንዳንድ ተመልካች ይህ ሁከት በዚያ ዝምታ ውስጥ ምን ይሠራል ይል ይሆናል። ነገር ግን የዳክዬዎቹ መደንበር ባይኖር ኖሮ የቀረው ውሃ ምን ያህል የረጋ መሆኑ አይታወቅም ነበር። ደግሞም ፀሐይዋ ለመውጣት፣ ኮከቧም ለመጥፋት ጥቂት ደቂቃ እንደቀራት ሁሉ፣ ውሃውም እንደዚያ ረግቶ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ መሆኑን እነዚያ ዳክዬዎች ያስታውሱናል።

ተርነር ይህን ሁሉ የሠራው በውሃ ቀለም ነው። የውሃ ቀለም የሚዘጋጀው የደቀቀ የቀለም ዱቄት ከሙጫ ጋር ተለውሶ ነው። ሙጫው ቀለሙን ከወረቀቱ ጋር ያጣብቀዋል። ለዚህ ሥራ ከጥንት ጀምሮ የሚመረጠው በሱዳን፣ በኢትዮጵያና በሌሎችም የአፍሪካ ደረቅ ቆላዎች ከሚበቅል ግራር የሚለቀመው ሙጫ ነው። በአውሮፓ ሠዓሊ ብሩሽ ጫፍ ላይ የእኛ አካባቢ ቆላ ፍሬ ነበረበት ማለት ነው፤ ይህ ግን ብዙ ጊዜ አይወሳም።

በውሃ ቀለምና በዘይት ቀለም መካከል ያለውን ዋና ልዩነት ልብ በሉ። የዘይት ቀለም ወፍራምና የሚሸፍን ነው፤ ሠዓሊው ብርሃን ሲፈልግ ከጥቁሩ በላይ ነጭ ቀለም መደረብ ይችላል። የውሃ ቀለም ግን ስስና የሚያሳልፍ ነው። ብርሃን በቀለሙ ውስጥ አልፎ ነጩን ወረቀት ይመታል፤ ከወረቀቱም ተመልሶ ወደ ዐይናችን ይመጣል። ስለዚህ በዚህ ሙያ የብርሃን ምንጭ ወረቀቱ ራሱ ነው። ሠዓሊው ብሩሽ ከማንሣቱ በፊት ብሩህ ሆኖ መቅረት ያለበት የትኛው ቦታ እንደሆነ መወሰን አለበት፤ አንዴ የጨለመውን መልሶ ማንጣት እጅግ አስቸጋሪ ነውና። በሌላ አነጋገር፣ የውሃ ቀለም ሠዓሊ ችሎታ የሚለካው በቀባው ብቻ ሳይሆን ሳይቀባ በተወውም ነው።

ተርነር በዚህ ዘዴ የተካነ ነበር። በመጀመሪያ ወረቀቱን በሰፋፊና በስስ ቅብ ያለብሰዋል፤ ይህ ሲደርቅ በላዩ ሌላ ስስ ቅብ ይደርባል፤ በመጨረሻም ቀጫጭን የብሩሽ ጭረቶችን በብዛት አስጠግቶ በመደርደር የተራራውን ገጽና የውሃውን እንቅስቃሴ ያወጣል። ቅርብ ሆኖ ለሚመለከት ሰው እነዚህ ጭረቶች እንደ ጥሩ የሸማ ድርና ማግ ተጠላልፈው ይታያሉ፤ ራቅ ሲሉ ግን ይጠፉና አየርና ጉም ብቻ ይቀራል። ትናንሽ የብርሃን ነጥቦች ሲያስፈልጉት ደግሞ የደረቀውን ቀለም በስለት ወይም በጥፍሩ ፍቆ ነጩን ወረቀት ከሥር ያወጣው ነበር። ለዚሁ ሥራ የአውራ ጣቱን ጥፍር ያሳድግ እንደነበር ሲሠራ ያዩት ሰዎች መስክረዋል። እንግዲህ በእነዚህ ሥዕሎች ላይ የሚያብለጨልጨው ነገር ብዙውን ጊዜ የተጨመረ ቀለም ሳይሆን የተነሣ ቀለም ነው።

ሥዕሉ በሐይቁ ዳር እንዳለ ተጀምሮ እዚያው ያለቀ እንዳይመስላችሁ። ተርነር በጉዞ ላይ ሳለ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው እርሳስና ትንሽ ደብተር ነበር። በ1819 በናፖሊ ሳለ፣ አንድ ሥዕል በደጅ ቀለም በሚቀባበት ጊዜ አሥራ አምስት ወይም አሥራ ስድስት የእርሳስ ንድፍ መሥራት እንደሚችል መናገሩን በዚያ የነበረ ሰው ጽፏል። ቀለሙ የሚመጣው በኋላ፣ በማረፊያው ወይም በለንደን ቤቱ፣ ከማስታወስ ነው። የሰማያዊው ሪጊ ንጋትም በዐይን የታየ ብቻ ሳይሆን ወራት ካለፉ በኋላ በሐሳብ ተመልሶ የተጠራ ንጋት ነው።

በ1842 ተርነር ከስዊዘርላንድ ጉዞው ያመጣቸውን 15 የቀለም ንድፎችና 4 የተፈጸሙ ሥዕሎች ቶማስ ግሪፊዝ ለተባለ የሥዕል ነጋዴ ሰጠው። ሐሳቡ፣ ገዢዎች ንድፎቹን አይተው የወደዱትን እንዲያዙና እርሱም ትእዛዙን ተቀብሎ በሙሉ ሥዕል እንዲሠራላቸው ነበር። የአንዱ ዋጋ 80 ጊኒ ሆነ፤ አንድ ጊኒ 21 ሺሊንግ ስለሆነ ይህ 84 ፓውንድ ማለት ነው። የሚፈለጉት ሥዕሎች ዐሥር ነበሩ። ሆኖም ነጋዴው ሥዕሎቹ ከቀድሞዎቹ አሠራር ለየት ማለታቸውን አስተዋለ፤ የቆዩ ደንበኞችም አመነቱ። የዚህን ታሪክ ዝርዝር የጻፈው ጆን ረስኪን የተባለው የሥነ ጥበብ ሐያሲ ነው፤ በዚያን ጊዜ ገና ወጣት ሲሆን ሥዕሎቹን ለመግዛት ከሚጓጉት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበር። በእርሱ አጻጻፍ መሠረት በብዙ ድካም ለዘጠኙ ገዢ ተገኘ፤ ዐሥረኛውን ነጋዴው በድካሙ ዋጋ ፈንታ ወሰደው። ሰማያዊውን ሪጊ የገዛው ኤልሃናን ቢክኔል ሀብቱን ከዓሣ ነባሪ ዘይት ንግድ ያገኘ ሰው ነበር። ጥቁሩንና ቀዩን የተርነር የረጅም ጊዜ ወዳጅ ሂዩ መንሮ ገዛቸው። ዐርባ ዓመት ሙሉ በአገሩ አንደኛ የተባለ ሠዓሊ ለዐሥር ሥዕል ዐሥር ገዢ ማግኘት አቃተው ማለት ነው። ቢሆንም አሠራሩን ወደ ቀድሞው አልመለሰም፤ በሚቀጥሉት ዓመታትም በዚያው መንገድ ሌሎች የስዊዘርላንድ ሥዕሎችን ሠራ።

ተርነር በ1851 ሞተ። በቤቱ የተገኙት ሥዕሎች ለእንግሊዝ ሕዝብ ሲተላለፉ የተሸጡት ግን በግለሰቦች እጅ ቀሩ። ቀዩ ሪጊ በኋላ ወደ አውስትራሊያ ተሻግሮ በሜልበርን የሥዕል ቤተ መዘክር ውስጥ ይገኛል። ሰማያዊው ሪጊ በ2006 በለንደን በጨረታ ሲቀርብ ከ5.8 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጣበት፤ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ለአንድ የብሪታንያ የውሃ ቀለም ሥዕል ይህን ያህል ተከፍሎ አያውቅም ነበር። ሥዕሉ ከአገር እንዳይወጣ መንግሥት ለጥቂት ወራት አገደው። ቴት የተባለው ቤተ መዘክር በዚህ ጊዜ ውስጥ 4.95 ሚሊዮን ፓውንድ ማግኘት ነበረበት። ገንዘቡን ለማሟላት ሕዝቡ እያንዳንዱን የብሩሽ ጭረት በ5 ፓውንድ እንዲገዛ ተጠየቀ። ከ10,000 በላይ ሰዎች አዋጡ፤ ከእነርሱ የተገኘው ብቻ ከ500,000 ፓውንድ በላይ ሆነ፤ የቀረውንም ቤተ መዘክሩ ራሱና የቅርስ ድርጅቶች ሸፈኑ። በ2007 ሰማያዊው ሪጊ የሕዝብ ንብረት ሆነ። በዚያው ዓመት ሦስቱ ሪጊዎች ከየአሉበት ተሰባስበው በአንድ ክፍል ታዩ። በ1842 አንድ ባለጸጋ በ84 ፓውንድ ለመግዛት ያመነታበትን ሥዓሊ፣ ከ165 ዓመት በኋላ የወር ደመወዝተኛውና ተማሪው አምስት አምስት ፓውንድ አውጥተው ሥዕሉን አስቀሩት።

ነገር ግን ሥዕሉ የሕዝብ ሆነ ማለት ሕዝቡ ሁልጊዜ ያየዋል ማለት አይደለም። የውሃ ቀለም በብርሃን ይጎዳል፤ ቅቡ ስስ ስለሆነ አንዳንዱ ሰማያዊና ቀይ ቀለም ለረጅም ጊዜ ብርሃን ሲያርፍበት ይደበዝዛል። ይህን ራስልና አብኒ የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ሊቃውንት መርምረው ውጤቱን በ1888 በይፋ አቅርበዋል። ከዚያ ወዲህ ቤተ መዘክሮች የውሃ ቀለም ሥዕሎችን ከፀሐይ ብርሃን ያርቃሉ፤ በሚታዩበትም ጊዜ የክፍሉ ብርሃን እንዲደክም ይደረጋል፤ የተለመደው መጠን 50 ሉክስ ያህል ነው። ጥቂት ወራት ከታዩም በኋላ ተነሥተው ለዓመታት በጨለማ ሣጥን ይቀመጣሉ። በወረቀቱ ንጣት ብርሃን የሆነው የሪጊ ንጋትም አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው በዚያ ሣጥን ውስጥ ነው።

የቃላት ፍቺ

መልክዐ ምድር፦ የአንድ አገር ምድር ተራራው፣ ሜዳውና ውሃው ሲታይ ያለው መልክ
ጎሕ፦ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት የሚታይ የንጋት ብርሃን
አጥቢያ ኮከብ፦ ሊነጋ ሲል በምሥራቅ የምትታይ ደማቅ ኮከብ
ስስ ቅብ፦ በብዙ ውሃ የቀጠነ፣ ሥሩን የሚያሳይ ቀለም
ሐያሲ፦ የኪነ ጥበብ ሥራን መርምሮ ደካማና ጠንካራ ጎኑን የሚገልጽ ሰው

መልመጃ አንድ

ለሚከተሉት ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. ሰማያዊው ሪጊ ሰማያዊ፣ ቀዩ ሪጊ ደግሞ ቀይ የሆነው ለምንድን ነው? መልሳችሁን ከተራራውና ከከተማይቱ አቀማመጥ ጋር አያይዛችሁ አስረዱ።
2. በውሃ ቀለም ሥራ «የብርሃን ምንጭ ወረቀቱ ራሱ ነው» የተባለው ምን ማለት ነው? ከንባብ በፊት ከጻፋችሁት መልስ ጋር አነጻጽሩ።
3. ጸሐፊው የዳክዬዎቹን መደንበር አስፈላጊ ነው ይላል። በሐሳቡ ትስማማላችሁ? ምክንያታችሁን ግለጹ።
4. አንድ ሥዕል ለሕዝብ ተብሎ ከተገዛ በኋላ በጨለማ ሣጥን መቀመጡ ተገቢ ነው ትላላችሁ? በሁለት ቡድን ተከፍላችሁ ተከራከሩ።

መልመጃ ሁለት

«ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው» እና «ሳይቀባ የተወው» በሚሉት ሐረጎች ውስጥ «ሳይ» ከግሡ ጋር ተጣምሮ ድርጊቱ አለመፈጸሙን ያመለክታል። በዚሁ መንገድ ከሚከተሉት ግሦች አምስት ዐረፍተ ነገር ሥሩ፦ መጣ፣ ደረቀ፣ ተናገረ፣ ሸጠ፣ ጠለቀች።

መልመጃ ሦስት

በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ ተራራ፣ ኮረብታ ወይም የውሃ ዳር ምረጡ። አንድ ቀን ማለዳ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከአንዱ ስፍራ ቆማችሁ ተመልከቱት። ያያችሁትንም በሁለት አንቀጽ ጻፉ። «ያምራል»፣ «ውብ ነው» በሚሉት ቃላት ሳትጠቀሙ የቀለሙንና የብርሃኑን ለውጥ ብቻ ግለጹ።